ሜዳው ባዶ አይደለም፤ ካርታውን አብረን እንሥራ

ወገኖቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ለመተሃራ ዙሪያ ከረዩዎች፣ ለኦሮሞ አርብቶ አደሮቹ ወገኖቻችን፣ እጃችሁን እንድትዘረጉ ልለምናችሁ ነው።

መተሃራ ላይ 100 ሜጋ ዋት የሶላር ጣቢያ ሊተከል የጨረታው አሸናፊ የተነገረው በ2010 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ሳይተከል ቀረ። ፀሐዩም ሜዳውም እዚያው ስላሉ ግን ሐሳቡ ተመልሶ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። መብራት ጠልተን አይደለም። ግን አንድ ሜጋ ዋት 2 ሄክታር ገደማ ይፈልጋል፤ 200 ሄክታር ታጠረ ማለት ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ «ባዶ መሬት» የሚሉት ነገር ነው። የከረዩ የአዋሽ ዳር ግጦሽ አንዱ ሸንኮራ አገዳ ሆነ፣ ሌላው ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፣ የቀረው ላይ ደግሞ በሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ውሃውን ይዞ እየሰፋ መጣበት። ባለፈው በጋ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሜዳውን ዞርኩ። ለእኔ አቧራና ግራር ነው። እሳቸው በዱላቸው እያመለከቱ፣ ይኼ ግመል ወደ ውሃ የሚወርድበት ነው፣ እዚህ ጥጃ ይለያል፣ ያ የድንጋይ ክምር የአባቴ መቃብር ነው አሉኝ። ካርታ ላይ አንዱም የለም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርብቶ አደር ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። አንቀጽ 43 ደግሞ ልማት ሲመጣ ሐሳቡ ይጠየቅ ይላል። ግን ስብሰባ ላይ ባዶ እጁን የሄደን ሰው ማን ይሰማዋል?

ስለዚህ ከአባ ገዳዎች፣ ከእናቶችና ከእረኞች ጋር በእግር እየሄድን የከብት መንገዱን፣ ጉድጓዱንና መቃብሩን በጂፒኤስ ልንመዘግብ ነው። ካርታው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይታተማል። አጥሩ ገና ወረቀት ላይ እያለ «በዚህ በኩል መተላለፊያ ተዉልን፣ በጎቹ ከፓነሉ ሥር ይጋጡ» ማለት ይቻላል። ብረቱ ከቆመ በኋላ ግን ልመና ነው የሚሆነው።

ሁለት ጂፒኤስ፣ የሦስት ሳምንት ቀለብና አበል፣ ነዳጅና ማተሚያ ተደምሮ 180 ሺህ ብር ይፈልጋል። 50 ብርም ብትሆን አትናቋት። ውጭ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉልን። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የሒሳብ ቁጥሩን እልካለሁ፤ ደረሰኙን አንድ በአንድ እዚሁ እለጥፋለሁ። ቅየሳ የተማራችሁና አፋን ኦሮሞ የምትችሉ ከሆነ፣ ገንዘቡ ይቅርና አንድ ሳምንት ስጡን።

በመጪው በጋ ከብቱ ወደ ውሃ ሲወርድ እግር በእግር ልንከተል አስበናል፤ ገንዘቡ ከዚያ በፊት መሟላት አለበት።