ዕረፍት ላይ ወድቄ ለተነሣሁበት ሜዳ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ አምስት ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ አቅም አልነበረኝም። አቅም ሳገኝ ደግሞ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ካተረፉኝ ሰዎች አብዛኞቹ አማርኛ አያነቡም። ለእነሱ በእንግሊዝኛ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ የክለቡ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ይሄኛው ለእናንተ ነው። ለንደን ላላችሁ ወገኖቼ፣ አዲስ አበባ ላላችሁ ቤተሰቦቼ፣ ሳታውቁኝ ስሜን በጸሎት ለጠራችሁ ሁሉ። ስትደውሉልኝ "ደህና ነኝ" ብቻ እያልኩ አለፍኩ። ዛሬ ሙሉውን ልንገራችሁ።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ደቡብ ለንደን ባለች ትንሽ ኳስ ሜዳ፣ ልቤ ቆመ። ደከመ ማለቴ አይደለም። ቀጥ አለ። ዕድሜዬ 46 ነው። ሲጋራ አላጨስም። የዚያን ቀን ጠዋት ምንም አልተሰማኝም ነበር።

የክለቡን ስም አልጠራም። ሰዎቹ "ማንም የሚያደርገውን ነው ያደረግነው፣ ስማችን አይነሣ" ብለውኛል። ቃላቸውን አከብራለሁ። ከፕሪሚየር ሊጉ ጀምራችሁ ወደ ታች ስትቆጥሩ 9ኛው እርከን ላይ የሚጫወት ክለብ ነው። ከአራቱ ትልልቅ ሊጎች በታች ያለውን ኳስ እዚህ "ኖን ሊግ" ይሉታል። ተጫዋቾቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ አላቸው። አምበላችን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ቀኑ ጥሩ ሲሆን 140 ሰው ቢገባ ነው። ሣሩን የሚያጭዱት፣ ቲኬት የሚቆርጡት፣ ሻይ የሚያፈሉት ሁሉ ያለ ደመወዝ ነው።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። "አንተ የአርሰናል ደጋፊ አይደለህም እንዴ?" ነኝ። ግን ይህን ላታውቁ ትችላላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ የሚጀመር የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እንግሊዝ ውስጥ በቴሌቪዥን በቀጥታ አይታይም። በፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ ደንብ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ሰፈሩ ውስጥ ሆኖ የሚያየውን ጨዋታ፣ ለንደን ያለሁት እኔ ማየት አልችልም። ደንቡ የወጣው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ትልልቆቹን ሲያይ ትንንሾቹ ሜዳዎች ባዶ እንዳይቀሩ ነው።

ከ14 ዓመት በፊት፣ ለንደን በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። አርሰናል ይጫወታል። ቴሌቪዥኑ አያሳይም። የስታዲየም ቲኬት የማይታሰብ ነው። ወጣሁና ዝም ብዬ ተራመድኩ። ከቤቶቹ ጀርባ የሰው ጩኸት ሰማሁ። ኳስ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ አይጠፋኝም። ድምፁን ተከትዬ አንድ የብረት በር ጋ ደረስኩ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ኪሴ ውስጥ ያለው ሳንቲም አልሞላም ነበር። ቆጠሩት፣ ፈገግ አሉ፣ "ግባ" አሉኝ። የዚያ ደንብ ዓላማ እንደ እኔ ያለውን ሰው ከቤት ማስወጣት ከሆነ፣ ተሳክቶለታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስኩ። ሽማግሌው አወቁኝ። እኔ እስከ ዛሬ በልቤ ጋሼ ነው የምላቸው።

ልጅ ሆኜ አባቴ አዲስ አበባ ስታዲየም ይወስደኝ ነበር። ሚስማር ተራ ነበር የምንቀመጠው። አጠገባችን የሚቀመጡትን ሰዎች ስም አላውቅም፣ ፊታቸውን ግን ዛሬም አልረሳሁትም። አንዱ ከቀረ አባቴ "ምን ሆኖ ይሆን?" ይል ነበር። ለንደን ውስጥ ያንን ስሜት ያገኘሁት በዚያች ሜዳ ነው። ከአርሰናል ፍቅሬም ራቅ ያለ ነገር አልነበረም። አርሰናልን የወደድኩት በአጥቂው ኢያን ራይት ዘመን ነው። ራይት ክሪስታል ፓላስ በፈረንጆቹ 1985 እስኪያገኘው ድረስ እዚሁ ደቡብ ለንደን ውስጥ ግሪኒች በሮ በሚባል የኖን ሊግ ክለብ ነበር የሚጫወተው። 22 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ነበር የቀሩት። ያ ሰው ነው በኋላ ለአርሰናል 185 ጎል ያገባው። እንዲህ ባለ ሜዳ አጥር ላይ ተደግፎ ያየው ሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሁሌ ደስ ይለኛል።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ልጄ አብራኝ ነበረች። 9 ዓመቷ ነው።

በእነዚህ ሜዳዎች ደጋፊ የወንበር ቁጥር የለውም። ቡድኑ ከሚያጠቃበት ጎል ጀርባ ሄዶ ይቆማል። ዕረፍት ሲሆን ሁሉም ሻዩን ይዞ ሜዳውን ዞሮ ወደ ሌላኛው ጎል ይሻገራል። የሁለቱ ቡድን ደጋፊዎች መሀል መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ሰላም ይባባላሉ፣ ይተራረባሉ። 1 ለ 1 ነበርን። እኔ የወደቅኩት እዚያ መተላለፊያ ላይ ነው፤ ኮርነሩ ባንዲራ አጠገብ። ከዚህ በኋላ ያለውን አላስታውስም። የነገሩኝን ነው የምጽፈው።

ከኋላዬ የነበረው የተጋጣሚ ቡድን ደጋፊ ጮኸ። የተጋጣሚው ቡድን ወጌሻ ከመልበሻ ክፍል እየሮጠች ወጣች። ወጣት ልጅ ናት። ትንፋሼን አየች፣ ወዲያው ደረቴን መጫን ጀመረች። እጇ ሲዝል አምበላችን ተቀበላት። እንደገና እሷ፣ እንደገና እሱ። ዳኛዋ አምቡላንስ ጠራች። ጋሼ፣ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰውዬ፣ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የልብ ማሽን፣ በኤሌክትሪክ ነዝሮ የቆመ ልብ የሚመልሰውን፣ ነቅለው ሮጡ። ተጫዋቾቹ ሁሉ፣ የእኛም የእነሱም፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ከበቡኝ። ጃኬታቸውን ዘርግተው ከሰው ዓይን ሸፈኑኝ። በፈረንጆቹ 2021 የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ልቡ ቆሞ ሜዳ ላይ ሲወድቅ የቡድን ጓደኞቹ ያደረጉትን አይታችኋል። ያንን ነው ያደረጉልኝ፣ ለአንድ የአውቶቡስ ሹፌር።

ሻይ የሚያፈሉት እናት ደግሞ ልጄን ወሰዷት። ፊቷን ወደ እኔ እንዳታዞር አድርገው ሻይ ቤት አስገቧት። ከዚያ ምን እንዳሏት ታውቃላችሁ? "ስኒዎቹን ቁጠሪልኝ፣ የጠፋ አለ" አሏት። ልጄ አምቡላንሱ እስኪሄድ ድረስ ስኒ ስትቆጥር ነበር። 86 ነበሩ። አሁንም ትነግረኛለች። የዚያች እናት ብልህነት ልጄን ከምን እንዳዳናት የገባኝ ቆይቶ ነው። እማማ፣ እርስዎን በምን ቋንቋ ላመስግን?

ማሽኑ በ3 ደቂቃ ውስጥ ደረሰልኝ። ሁለቴ ነዘረኝ። በሁለተኛው ልቤ ተመለሰ። እንግሊዝ ውስጥ ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ከሚቆም 10 ሰዎች አንዱ እንኳ አይተርፍም። ደረት ሳይጫኑ፣ ማሽን ሳያደርጉ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን የነገረኝ ሐኪም ቁጭ ብሎ ነው የነገረኝ፣ ቀስ ብሎ። "ቤትህ ብቻህን ብትሆን ኖሮ" ብሎ ጀመረ፣ አልጨረሰውም።

ስለዚህ ማሽን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ ስለ ዛሬው የትልልቆቹ ኳስ ብዙ ሳማርር ትሰሙኛላችሁ። ገንዘቡ አፍ ያስከፍታል። ደጋፊው ገበያ ሆኗል። በ2021 ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች፣ የኔው አርሰናል ጭምር፣ ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳቸው ውድድር ሊያቋቁሙ ሲነሡ ሌሊቱን አልተኛሁም። ደጋፊው አደባባይ ወጥቶ በሦስት ቀን ውስጥ አፈረሰው። ከ2024 የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ በኤፍ ኤ ካፕ ዋና ዙሮች አቻ ሲወጣ የነበረው ድጋሚ ጨዋታ ቀርቷል። የማንቸስተር ደጋፊዎች ታስታውሱ ይሆናል፣ በፈረንጆቹ ጥር 2005 ኤክስተር ሲቲ ኦልድ ትራፎርድ ሄዶ 0 ለ 0 ወጣ። ያኔ ኖን ሊግ ነበር፣ ዕዳ አንገቱን አንቆታል። የዚያ ጨዋታና የድጋሚው ገቢ ክለቡን ከዕዳው ለማውጣት ረዳው። ዛሬ ያ በር ተዘግቷል። ይሄ ያናድደኛል፣ አልደብቅም።

ግን እውነቱ መነገር አለበት። ኤሪክሰን ከወደቀ በኋላ ፕሪሚየር ሊጉ ለትንንሽ ክለቦች የልብ ማሽን የሚገዛ ገንዘብ መደበ። በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች በየሜዳው ተሰቀሉ። ሻይ ቤታችን ግድግዳ ላይ የነበረው ከእነዚያ አንዱ ነው። የትልቁ ኳስ ገንዘብ ወደ ታች ሲወርድ ምን ማድረግ እንደሚችል እኔ ደረቴ ላይ አይቻለሁ። ለዚህም ከልቤ አመሰግናለሁ። ማሽኑን የገዛው ገንዘብ ነው። ነቅሎ የሮጠው ግን ጋሼ ነው። ሁለቱም ባይኖሩ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሆስፒታል 19 ቀን ተኛሁ። ነርሶቹን እግዚአብሔር ይባርካቸው፣ ከነሱ ውስጥ አንዷ የሀገሬ ልጅ ነበረች። ሌሊት ሌሊት በአማርኛ "አይዞህ" ስትለኝ የሰማሁትን ያህል መድኃኒት አላገኘሁም። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች፣ የዕድራችን ሰዎች፣ ሳህን ይዛችሁ የተመላለሳችሁ፣ ባለቤቴን አንድ ቀን ብቻዋን ያላሳደራችኋት፣ ውለታችሁ አለብኝ።

የክለቡ ሰዎችም ጠየቁኝ። እንግሊዝ በሽተኛ አይጠይቅም የምትሉ፣ እነዚህን አላያችሁም። የጨዋታ መጽሔት የሚሸጠው ልጅ እኔ ያልነበርኩባቸውን ጨዋታዎች መጽሔት እያንዳንዱን አልጋዬ ድረስ አመጣልኝ። ከጎኔ ቁጭ ብሎ ጎሎቹ እንዴት እንደገቡ ይተርክልኝ ነበር። ደረቴ ውስጥ ትንሽ ማሽን ተቀበረልኝ፣ እንደ ኤሪክሰን። እዚህ አገር ደግሞ ይህ ማሽን የተቀበረበት ሰው አውቶቡስ መንዳት አይፈቀድለትም። 11 ዓመት የነዳሁበትን መንጃ ፈቃድ መለስኩ። ይህን ሲሰሙ ሁለት ቅዳሜ በር ላይ ባልዲ ይዘው ቆሙ። ሳንቲም ለቀሙልኝ። ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ነው። ተጋጣሚው ክለብም በራሱ ሜዳ ባልዲ አዙሮ ላከልኝ። ስሜን አያውቁም ነበር። ፖስታው ላይ "ኮርነር ላይ ለወደቀው ወንድማችን" ብለው ጻፉበት። አሁን በዚያው በአውቶቡስ ድርጅቴ ቢሮ ሥራ አግኝቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የተቋረጠው ጨዋታ ከመጀመሪያው እንዲደገም ተወሰነ። ክረምቱን ሜዳው ውሃ አቁሮ ሁለቴ ተላለፈ። በመጨረሻ መጋቢት ውስጥ ማክሰኞ ማታ ሆነ። ሐኪሜ ፈቀደልኝ። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ልጄ ይዛው፣ እኔ ቀስ እያልኩ፣ በሩ ጋ ደረስን።

ገንዘብ ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት ጋሼ ያዙኝ። ከሳጥናቸው ውስጥ ፖስታ አወጡ። ውስጡ የጥቅምቱ ቲኬቴ ነበር። ስወድቅ ከእጄ አምልጦ፣ ጭቃ ነክቶት፣ አድርቀው አስቀምጠውታል። "የተቋረጠ ጨዋታ ቲኬት ለድጋሚው ይሠራል" አሉኝ። የልጄንም አብረው አስቀምጠው ነበር።

ወጌሻዋን ያገኘኋት ያን ማታ ነው። በእንግሊዝኛ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። አንድም ቃል አልወጣኝም። እሷም ዝም አለች። ከዚያ እጄን ያዘችና ሁለት ጣቷን የእጄ አንጓ ላይ አድርጋ ልቤን ቆጠረች። እየቆጠረች ሳቀች።

ዕረፍት ሆነ። ሰው ሁሉ ሻዩን ይዞ መሻገር ጀመረ። ልጄ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ኮርነሩ ባንዲራ ጋ ስንደርስ ከተቃራኒ በኩል የሚመጡት ደጋፊዎች መንገድ ለቀቁልን። አንዱ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። አለፍን።

2 ለ 1 ተሸነፍን። ድፎ ዳቦው ግን አንድ ቁራሽ አልተረፈም። ቅዳሜ ሜዳችን ላይ እንጫወታለን፣ በ9 ሰዓት። በር ላይ 8 ፓውንድ ነው፣ ሕፃናት በነፃ ይገባሉ። ለንደን ያላችሁ፣ አድራሻውን በስልክ ጠይቁኝ። ሻዩን እኔ እጋብዛለሁ።