ከእንግዲህ ፊርማው ያንተ ነው

ውድ ልጄ፤

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፍልህ በእንግሊዝኛ የልቤን መናገር ስለማልችል ነው። ፊደላችንን ማንበብ እንደሚያደክምህ ስለማውቅ ጽሑፉን ራሴ አንብቤ ድምፄን ቀድቼልሃለሁና እያዳመጥህ ተከተለው።

በሚቀጥለው ሳምንት 18 ዓመት ይሞላሃል። በምንኖርበት በቨርጂኒያ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ለእኔ በወላጅነቴ ሰጥቶኝ የነበረው መብት በዚያ ቀን ወደ አንተ ይተላለፋል። የማንበብ ችግርህ እንዲመረመር መፍቀድም ሆነ መከልከል፣ አይኢፒ የምንለውን የግል የትምህርት ዕቅድህን መቀበል ወይም መቃወም፣ ካልተስማማህም አቤቱታ ማቅረብ ያንተ ድርሻ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያውን ለእኔም ይልክልኛል፤ የእኔ ፊርማ ግን አይጠየቅም። ይህ አስቀድሞ እንዲነገርህ ሕጉ ስለሚያስገድድ ባለፈው ዓመት ስብሰባ ላይ ተነግሮህ ነበር፤ አንተ ግን ከጠረጴዛው ሥር ስልክህን ታይ ነበር።

እኔ በዚያች ፊርማ ምን እንደሠራሁባት ሳልነግርህ ላስረክብህ አልፈልግም። ከአዲስ አበባ ስንመጣ ሰባት ዓመትህ ነበር። ማንበብ ሲያቅትህ አስተማሪዎችህ «እንግሊዝኛ እስኪለምድ ታገሡት» አሉኝ፤ እኔም ሁለት ዓመት ታገሥሁ። ይሁን እንጂ እነሱ የማያውቁትን አንድ ነገር አውቅ ነበር። አገር ቤት ፊደል ስትቆጥር ከሀ እስከ ፐ በቃልህ ታነበንብ ነበር፤ ጣቴን ከመሐል በአንዱ ፊደል ላይ ሳሳርፍ ግን በ፣ ሰ እና ለ ይምታቱብህ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ የጠየቀኝም አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አፍሬ ነበር።

ሕጉ አንድ ልጅ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ አካል ጉዳተኛ ተብሎ እንዳይመዘገብ ይከለክላል፤ ምርመራውም በተቻለ መጠን ልጁ በሚናገረው ቋንቋ እንዲደረግ ያዝዛል። ይህ ጥሩ ጥበቃ ነው፤ በእኛ ላይ ግን የመዘግየት ሰበብ ሆነ። በኋላ አንዲት ጎረቤታችን «በቃል የጠየቅሽው የትም አይደርስም፤ ልጄ ይመርመርልኝ ብለሽ ቀን ጽፈሽበት አስገቢ» ብላ መከረችኝ። ሦስት መስመር ጻፍሁ። በቨርጂኒያ ጥያቄው ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ምርመራው በ65 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። የመረመረችህ ባለሙያ በአማርኛስ እንዴት ያነባል ብላ ስትጠይቀኝ የበ እና የሰን ነገር ነገርኋት፤ ችግሩ በሁለቱም ቋንቋ ያለ እንጂ የእንግሊዝኛ እጥረት አለመሆኑ ያኔ ግልጽ ሆነ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ዛሬም ያሳፍረኛል። አስተርጓሚ አልነበረም፤ ገና በዘጠኝ ዓመትህ፣ ስለ ራስህ ድክመት የሚነገረውን አንተው ወደ አማርኛ መለስህልኝ። «ጎበዝ ነው ይላሉ» አልኸኝና ፈረምሁ። ትምህርት ቤቱ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ነው።

ይህ መብት ከሰማይ የወረደ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ከወንዙ ማዶ በዋሽንግተን ዲሲ፣ ከትምህርት ገበታ የተገለሉ ልጆች በከተማይቱ የትምህርት ቦርድ ላይ ክስ መሠረቱ። ቦርዱ ገንዘብ የለኝም ሲል ዳኛው በ1972 የገንዘብ እጥረት እነዚህን ልጆች ብቻ ነጥሎ ሊጎዳ አይገባም ብሎ ፈረደ። የፌዴራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ በ1975 ወጣ። በ2017 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዕቅዱ ልጁን ካለበት ሁኔታ አንጻር ተገቢ ወደ ሆነ እድገት የሚያደርስ እንጂ ለስሙ ያህል ብቻ የሚያሻሽል መሆን እንደሌለበት ወሰነ። ስድስተኛ ክፍል ሳለህ «ያምናው ግብ ለምን ቃል በቃል ተገልብጦ መጣ?» ብዬ የተከራከርሁት ይህንን ይዤ ነው።

አሁን ወደ ፊትህ ልምጣ። መደበኛውን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ በተቀበልህ ቀን ይህ ሕግ ከአንተ ጋር ያለው ጉዳይ ያበቃል። በኮሌጅ የሚጠብቁህ የ1973ቱ የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504 እና የ1990ው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ ናቸው፤ እነሱም መድልዎን ይከለክላሉ እንጂ አይኢፒ አይሰጡህም። እዚያ የሚፈልግህ የለም። ወደ አካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ራስህ ሄደህ፣ ማስረጃህን አቅርበህ፣ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ወይም በድምፅ የሚነበብ መጽሐፍ መጠየቅ ይኖርብሃል። እኔ ብደውል እንኳ ያለ አንተ ፈቃድ አያነጋግሩኝም።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። ምርመራ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ያንተ የመጨረሻው የተደረገው በ15 ዓመትህ ስለሆነ ጊዜው አሁን ነው። ትምህርት ቤቱና አንተ ከተስማማችሁ ሊቀር እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል፤ «ፋይልህ ሙሉ ነው፤ እንለፈው?» ቢሉህ ግን እሺ ብለህ አትፈርም። ኮሌጁ የቆየ ወረቀት አልቀበልም ቢልህ አዲሱን ምርመራ ከኪሳችን ከፍለን ማሠራት ሊኖርብን ነው፤ ዋጋው ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ስትመረቅም ስለ ችሎታህና ስለሚያስፈልግህ ድጋፍ የሚገልጸውን ማጠቃለያ ሳትቀበል እንዳትወጣ፤ መስጠት ግዴታቸው ነው።

ከልደትህ በኋላ ባለው ስብሰባ እንድገኝ ከፈለግህ ልትጋብዘኝ ትችላለህ። ከመጣሁ ከጎንህ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ ቢያንስ እሞክራለሁ። ቀኑ ሐሙስ ከሆነ ፈረቃዬን ከወዲሁ ማስቀየር ስላለብኝ ቶሎ አስታውቀኝ።

እናትህ