ይድረስ ለአባቴ፦ ስለ ሐሙሱ ነገራ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከረሙ? የእናቴስ ጉልበት እንዴት ሆነላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከውርጩ በቀር የሚያማርረኝ የለም። ዘንድሮ የደብረ ብርሃን ብርድ የመንዝን ሊያስንቅ ነው፤ ያንን ባና ባይሰጡኝ ኖሮ ወዮልኝ ነበር። ገብሱስ ገባ?

ባለፈው በስልክ የጠየቁኝን መመለስ ቢያቅተኝ «ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ኔትዎርኩ ደህና ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ። «ሁለተኛ ዲግሪ ይዘሽ፣ ሥራ ከገባሽ ስድስተኛ ዓመትሽ፤ ታዲያ በየሐሙሱ ገንዘብ ከፍለሽ የምትማሪው ምን ቀረሽ?» ነበር ያሉኝ። እናቴም ከኋላ «ሞኝ ናት እኮ» ስትል ሰምቻታለሁ። እንግዲህ በደብዳቤ ልመልስ። የሚያነብልዎት ታናሽ ወንድሜ ነው፤ አንተ ደግሞ ረዘመ ብለህ እንዳትዘል።

ትምህርት አይደለም፣ አባቴ። ነገራ ነው።

ዋሸራ ቅኔ ቤት ሳሉ የነበረውን ስንት ጊዜ አጫውተውናል። ቀኑን ዛፍ ሥር ቅኔ ሲቆጥሩ ይውሉና ማታ ለየኔታ ይነግራሉ። የኔታ ካልተስማማቸው «ቤት ጎደለው፣ ተመለስ» ይላሉ፤ እርስዎም ተመልሰው እንደገና ይቆጥራሉ። የሐሙሷ ሴት የእኔ የኔታ ናት፤ ሴት በመሆኗ ይቅር ይበሏት። እኛ ሱፐርቫይዘር እንላታለን፣ ሥራውን ሱፐርቪዥን። በሥነ ልቦና አማካሪነቴ በሳምንቱ ካነጋገርኳቸው ሰዎች የአንዱን ጉዳይ፣ ስሙንና ቀበሌውን ሰውሬ፣ እሱ ምን እንዳለ እኔም ምን ብዬ እንደመለስኩ እነግራታለሁ። አዲስ አበባ ስለምትኖር በወር አንዴ እኔ እወርዳለሁ፣ ሌላውን ሐሙስ በስልክ ነው። መሥሪያ ቤቱ አይከፍልልኝም፤ ከደመወዜ ላይ ሲወጣ ይሰማኛል፣ አልዋሽዎትም።

ጀማሪ በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በመጀመሪያው ቀን ቁጠር የሚለው የለም። እኔን ግን ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሳምንቴ መወድስ አስያዙኝ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ያ ትምህርት ቤት ትዝ ይልዎታል? የምክር ቢሮ ተብሎ የተሰጠኝ ክፍል ግማሹ የተሰበረ ዴስክና የጠመኔ ካርቶን ነበር፤ በሩ አይገጥምም። ጠዋት ጠዋት አርፋጅ እንድመዘግብ ታዘዝኩ። ጠዋት በር ላይ የምታስቀጣቸውን ሴትዮ፣ ልጆቹ ከሰዓት ገበናቸውን ሊነግሯት ነው እንግዲህ! ከዚያ ሁሉ መምህር መሃል የሥነ ልቦና ባለሙያ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ቀን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መጣች። የነገረችኝን አልነግርዎትም፤ እርስዎም የንስሐ ልጆችዎን ነገር ለእኛ ነግረውን አያውቁም። የራሴን ጥፋት ግን ልናዘዝ። ልጅቷ መናገር ጀምራ ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝም ጨነቀኝና ምክሬን አዘነብኩት፦ ለእናትሽ ንገሪ፣ በርቺ፣ ያልፋል። አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለችኝና ወጣች። ሁለተኛ አልመጣችም። ግቢ ውስጥ ስታየኝ መንገድ ትቀይር ነበር።

ይህን ለማን ልንገር? ሁለት ዓመት ሙሉ «ምን አልሻት? ለምን?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጻድቃኔ ማርያም ሄደሽ ተጠመቂ ብለውኝ ሄጄ ነበር፤ ዕረፍት አግኝቼበታለሁ፣ አልክድም። ስመለስ ግን በሩም አልገጠመ፣ የአርፋጁ መዝገብም ጠረጴዛዬ ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ታሪኩን ለሐሙሷ ሴት ነገርኳት። ስለ ልጅቷ አንድ ነገር ትለኛለች፣ ወይም የሆነ ዘዴ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ስትቆይ ስትቆይ «ዝምታው ያስፈራው ማንን ነው?» አለችኝ። መልሱ ሁለት ሐሙስ ፈጀብኝ። እኛ ቤት፣ አባቴ፣ እርስዎ ተቆጥተው ዝም ያሉ ቀን ዝምታውን በወሬ የምደፍነው እኔ፣ የመጀመሪያ ልጅዎ ነበርኩ። ለወቀሳ አይደለም፤ እርስዎም የደከመዎት ቀን ነበር። ብቻ ልጅቷ ዝም ያለችው ቃል ስትፈልግ ነበር፤ እኔ ግን የሰማሁት የእርስዎን ዝምታ ነው። ይህንን ከየትኛው መጽሐፍ አገኘው ነበር?

የእኔ ብቻ ፈሊጥ እንዳይመስልዎት። በ1920 እ.ኤ.አ. ማክስ አይቲንጎን የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በርሊን ላይ የሥነ ልቦና ሕክምና ክሊኒክ ከፍቶ ነበር። እዚያ ነው ጀማሪው የሚያክማቸውን ሰዎች ነገር ለነባር ባለሙያ እያቀረበ መታረሙ ሥርዓት የሆነው። ዛሬ እንግሊዝ አገር ያለው ትልቁ የአማካሪዎች ማኅበር፣ የሙያ ዕውቅና የሰጣቸውን አባላት በወር ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ሱፐርቪዥን ይጠይቃቸዋል፤ የሸበቱትንም ጭምር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 እ.ኤ.አ. ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የሚባል፣ የተጨነቁ ሰዎችን ለመርዳት የተዘጋጀ፣ አምስት ክፍለ ጊዜ ያለው መመሪያ አውጥቷል። የሥነ ልቦና ዲግሪ የሌለው ሰው ሠልጥኖ የሚሰጠው ነው፤ ያለ ሱፐርቪዥን ግን አይሰጥም። ያለ ዲግሪ የሚሠራው የሚያርመው ሰው ተመደበለት፤ እኔ ባለዲግሪዋ ግን ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። እርስዎስ ንስሐ የሚቀበሉ ካህን ሆነው የነፍስ አባት አለዎት አይደል?

ሌላም ሰው አለኝ፣ ያኛው አያስከፍለኝም። ጡረታ የወጡ የሙያችን ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሜንተር እንለዋለን። ሱፐርቫይዘሯ ቅኔውን ታያለች፣ እሳቸው ባለቅኔውን። የትኛው ሥልጠና ይጠቅመኛል፣ የትኛው ሥራ ይቅርብኝ፣ መቼ ልረፍ የሚለውን የማወራው ለእሳቸው ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ኃላፊው «ልጆቹ ምን ይሉሻል?» ሲሉኝ አንዴ አፌ አምልጦኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ይህን ለሜንተሬ ስነግራቸው አልተቆጡም። «ሥራ ሳትጀምሪ አንድ ገጽ ጻፊና አስፈርሚ» አሉኝ። ሰውየው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ፣ ሕፃን እየተጠቃ ከሆነ ይነገራል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ከክፍሉ አይወጣም። አሁን የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ስቀጠር ይህችን ወረቀት ይዤ ነው የገባሁት። አለቃዬ ሁለቴ አንብቦ ፈረመ።

ዘንድሮ ደግሞ ጉድ መጣ፤ እኔው አስነጋሪ ሆንኩ። አዲስ የተመረቀ ልጅ ተመደበልኝ፣ ጎበዝ፣ ዓይን አፋር። የራሴ እንዳይደርስበት ብዬ ሁለት ሰው ብቻ ሰጠሁት፣ ጉባኤ ቃና መሆኑ ነው። ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማስታወሻውን በቀይ እስክሪብቶ ፈጀሁት። እርስዎ እንደሚሉት «ቤት ጎደለው» እያልኩ መለስኩት። ልጁ በወሩ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ይዞ መምጣት ጀመረ። ሁሉም ተሳክቷል፣ ሁሉም አመስግኖታል። የሚታረም የሌለው ቅኔ ከጀማሪ ሲመጣ የኔታ ዝም ይሉ ነበር? እኔ የነቃሁት ያኔ ነው፤ የተበላሸውን ደብቆኝ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ እስክሪብቶውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የዚያችን ልጅ ዝምታና የእኔን ምክር ከነኃፍረቴ ነገርኩት። ትንሽ ቆይቶ «እኔም ጋ አንዲት እናት አሉ» ብሎ ጀመረ። ዝም ብዬ ሰማሁት። ከባድ ነበር፣ ዝም ማለቱ።

ሐሙስ ዕለት ለእሷ የነገርኳት ይህንኑ ነው፤ ስለ ልጁ፣ ስለ ቀይ እስክሪብቶው። እንግዲህ ገንዘቤ የት እንደሚሄድ ይኸው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። የኔታ የራሳቸውን ቅኔ ለማን ነበር የሚነግሩት? ያርማቸው የነበረ ሰው ነበር? በስልክ አይንገሩኝ፣ ለገና ስመጣ እሳት ዳር ሆነን ያጫውቱኛል።

መነጽርዎ ተሠርቶልኛል፤ ዓርብ ወደ መሐል ሜዳ ለሚወጣው አውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁና ወንድሜ መናኸሪያ ወርዶ ይቀበለው። ማሰሪያውን ያልወደዱት እንደሆነ ይመልሱልኝ። ለእናቴ የጉልበት ቅባት አብሮ አለ፤ በፀሐይ ተቀምጣ ትቀባው እንጂ መደርደሪያ ላይ እንዳታስቀምጠው።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ