ተስፈኞቹ መጡ፤ ቡድኑስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን በስፖርት ገጻችሁ ስለ ቤዝቦል ተጫዋቾች ልውውጥ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። በአማርኛ ስለዚህ ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ብዙ ስለሌለ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ የኮከቡን መቺ የሁዋን ሶቶን ጉዳይ አንስተው “በመጨረሻ ያተረፈችው ዋሽንግተን ናት” ብለው ያለፉበት አንቀጽ አልተዋጠልኝም። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖርና ለቲኬት ገንዘብ የምናወጣ ሰዎች ትርፉን ገና በዓይናችን አላየነውም።

ጉዳዩን ላልተከታተሉ አንባቢዎች ባጭሩ ላስታውስ፤ ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሶቶ በ2015 ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለዋሽንግተኑ ክለብ ለናሽናልስ ፈረመ። በ19 ዓመቱ ዋናው ቡድን ውስጥ ገባ። በሐምሌ 2022 ክለቡ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ቢያቀርብለት አልፈልግም አለ። ነሐሴ 2 ቀን ክለቡ ሶቶን ከጆሽ ቤል ጋር ለሳን ዲዬጎ ፓድሬስ አሳልፎ ሰጠና በምትኩ ስድስት ተጫዋቾች ተቀበለ፦ ሲ. ጄ. ኤብራምስ፣ መኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ውድ፣ ሮበርት ሃሰል፣ ሃርሊን ሱሳናና ሉክ ቮይት። ከቮይት በስተቀር ሁሉም ገና ስማቸው በተስፋ የሚነሳ ወጣቶች ነበሩ።

በነገራችን ላይ በቮይት ቦታ መጀመሪያ የታሰበው ኤሪክ ሆስመር ነበር። ሆስመር ግን ወደማይፈልገው ክለብ ላለመሄድ የሚያስችል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ስለነበረው እምቢ አለ። ወጣቶቹ ይህን የማለት መብት አልነበራቸውም። በእግር ኳስ ተጫዋቹ ራሱ ካልተስማማ ዝውውሩ አይፈጸምም፤ በቤዝቦል ግን ልጁ ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን አንስቶ ይሄዳል። የመሄዱን ዋጋ የሚናገርለት ሰው የለም።

ዋሽንግተን ምን አሳልፋ እንደሰጠች ለመረዳት ጥቅምት 1 ቀን 2019ን ማስታወስ ይበቃል። ከሚልዋኪ ጋር የተደረገ አንድ ጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስምንተኛው ዙር ላይ ናሽናልስ 3 ለ 1 እየተመራ ነው፣ ሦስቱም ማዕዘኖች በሯጮች ተይዘዋል፣ ሁለት ሰው ወጥቷል። የሚልዋኪው ወርዋሪ ጆሽ ሄደር በዘመኑ ከሚፈሩት ሁሉ የሚፈራ ነበር። ሶቶ ያን ጊዜ 20 ዓመቱ ነው። ኳሷን ወደ ቀኝ ሜዳ መታት፤ ተከላካዩ ትሬንት ግሪሻም ሊቀልባት ሲል አመለጠችው፤ ሦስቱም ሯጮች ገቡ፤ ጨዋታው 4 ለ 3 ተጠናቀቀ። በዚያው ወር መጨረሻ ናሽናልስ ሂውስተንን ረትቶ የቤዝቦሉን ትልቅ ዋንጫ፣ ወርልድ ሲሪስን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ። (ሶቶና ግሪሻም ኋላ ሳን ዲዬጎ ላይ ተገናኙ፤ በታኅሣሥ 2023 ደግሞ አብረው ለኒው ዮርክ ያንኪስ ተላኩ።) ቁጥሩን እንተወው። ሶቶ ያልመታት ኳስ አጠገቡ ስታልፍ ጎንበስ ብሎ እግሩን እያንሸራተተ ወርዋሪውን ዓይን ዓይኑን ሲያየው፣ ስታዲየሙ የሚሆነውን መሆን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የልጄ 22 ቁጥር ማሊያ እስካሁን ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

ሳን ዲዬጎ ሞኝ አልነበረም። በዚያው ዓመት 111 ጨዋታ ያሸነፈውን የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስን ከውድድር አስወጥቶ ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወትበት ናሽናል ሊግ ፍጻሜ ደረሰ። ሶቶን ለያንኪስ ሲሰጥም እነ ማይክል ኪንግን ተቀበለ፤ ከመጡት አንዱን ወርዋሪ ለሌላ ክለብ ሰጥቶ ኮከቡን ወርዋሪ ዲላን ሲስን አመጣበት። ተስፈኛን ሰጥቶ ኮከብ መግዛት ማለት ይህ ነው፤ የሚገዛው ክለብ ዛሬ ማሸነፍ ይፈልጋል፣ ለዛሬውም ይከፍላል።

አሁን ወደ ዋሽንግተን ልመለስ። ጸሐፊው ወጣቶቹ ጎበዝ ሆነው መገኘታቸውን መናገራቸው ልክ ነው። ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ውድ በ2025 ለኦል ስታር፣ ማለትም ለምርጦች ጨዋታ፣ ተመርጠዋል። ከአንድ ልውውጥ ሦስት ኦል ስታር ማግኘት ብርቅ ነው፤ አብዛኛው ተስፈኛ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ዕድሉ ከዚህ በላይ ሊሰምር አይችልም ነበር። ውጤቱስ? ክለቡ ሶቶን በሰጠበት ዓመት 107 ጨዋታ ተሸነፈ፤ በ2023 እና በ2024 በየዓመቱ 91፤ በ2025 ደግሞ 96። በሐምሌ 2025 ልውውጡን የፈጸመው ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተባረሩ።

ምክንያቱን ለማየት የጄምስ ውድን አንድ ጨዋታ ልጥቀስ። ይህ ልጅ በኛው ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ኦልኒ ያደገ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ይደርሳል። በሰኔ 2025 መጨረሻ ከኤንጅልስ ጋር ሲጫወቱ ተጋጣሚው እንዳይመታበት ፈርቶ አራት ጊዜ ሆን ብሎ ሳይወረውርለት ወደ መጀመሪያው ማዕዘን አሳለፈው። ከ2004 ወዲህ፣ ከስመ ጥሩው መቺ ከባሪ ቦንድስ በኋላ፣ እንዲህ የተደረገበት ተጫዋች አልነበረም። ክብር ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው፤ ከውድ ኋላ ተራውን የሚጠብቅ፣ ተጋጣሚን የሚያስፈራ መቺ አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ የሚፈራበትን ቡድን ማለፍ ቀላል ነው።

ያንን ሁለተኛ መቺ ማምጣት የባለቤቶቹ ፋንታ ነበር። የለርነር ቤተሰብ በ2022 ክለቡን ሊሸጥ አስቦ ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ አንሸጥም አለ። ካልተሸጠ ገንዘብ ይወጣበታል ብለን ጠበቅን። የመጣልን ግን ከሶቶ ጋር አብሮ የሄደው ጆሽ ቤል ነው፤ ለ2025 በ6 ሚሊዮን ዶላር የአንድ ዓመት ውል። ቤልን አልጠላም፤ ሲበዛ ጨዋ ተጫዋች ነው። ነገር ግን ለአንድ ሰው 440 ሚሊዮን ላቅርብ ያለ ክለብ፣ ገንዘቡ በእጁ ሲቀር የት አደረሰው?

እርግጥ ባለቤቶቹ ያለ ምክንያት አልፈሩም። ከዋንጫው በኋላ ለወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግ 245 ሚሊዮን ዶላር ፈርመው፣ ሰውየው በጉዳት ምክንያት ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። እንዲህ የተቃጠለ ሰው እጁን ቢሰበስብ አይደንቅም። ሆኖም ተስፈኛ ወጣት ርካሽ ስለሆነ ብቻ ዕቅድ ሊባል አይችልም። ለባለቤት የሚመቸው “ቆዩ፣ ልጆቹ እያደጉ ነው” ማለት ስለሚያስችለው ነው፤ ለተመልካቹ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። የቲኬቱም የመኪና ማቆሚያውም ዋጋ ልጆቹ እስኪያድጉ አይጠብቅም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የስፖርት ገጻችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ልውውጥ ሲተነትን የመጡትን ወጣቶች ብቻ ቆጥሮ ሒሳቡን አይዝጋ። ክለቡ ከእነሱ ጎን ማንን እንደገዛ፣ ምን ያህል እንዳወጣ ይጠይቅልን። ጄምስ ውድ በክለቡ እጅ የሚቆየው እስከ 2030 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሶቶ በገበያ ዋጋው ይሄዳል። ሶቶን የኒው ዮርኩ ክለብ ሜትስ በ765 ሚሊዮን ዶላር ነው የወሰዱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ