ፓዙዙም ጋኔን፣ ዳይሞንም ጋኔን?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ዓለም ጥንታውያን አማልክትና መናፍስት የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጉዳዩ ሙሉ ገጽ በማግኘቱ ደስ ብሎኛል። ቅር ያለኝ የሜሶጶጣሚያው ፓዙዙና የግሪኩ ዳይሞን ሁለቱም «ጋኔን»፣ የቻይናው ሎንግ ደግሞ «ዘንዶ» ተብለው መታለፋቸው ነው።

ስህተቱን እኔም ሠርቼዋለሁ። በትርጉም ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የቻይና የልጆች ተረት ስተረጉም ሎንግን «ዘንዶ» አልኩት። ረቂቁን ያኔ ሰባት ዓመቷ ለነበረው ልጄ አነበብኩላት። በማግስቱ ሥዕል ይዛ መጣች፤ እሳት የሚተፋ ትልቅ እባብ፣ ከፊቱ እግሬ አውጪኝ የሚሉ ሰዎች። በተረቱ ውስጥ ግን ማንም አይሸሽም። ድርቅ የጠናባቸው ሰዎች ወደ ሎንግ ሄደው ዝናብ ይለምኑታል። ሎንግ የውኃ ጌታ ነው፤ ወንዝና ባሕር ውስጥ ይኖራል፣ ደመና ይሰበስባል። የቻይና ነገሥታትም ባለ አምስት ጥፍሩን ሎንግ ልብሳቸው ላይ ያስጠልፉት ነበር። በእኛ ጆሮ «ዘንዶ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣው የዮሐንስ ራእይ ነው። ልጄ ምን ታድርግ? ቃሉ የነገራትን ሳለች።

የፓዙዙ ነገር ደግሞ ይብሳል። ፓሪስ በሚገኘው ሉቭር ሙዚየም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው የነሐስ ምስሉ አለ። ፎቶውን አጉልቼ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ፊቱ የተቆጣ ውሻ ነው፣ ዐይኖቹ ፈጠዋል፣ አራት ክንፍ፣ የአሞራ ጥፍርና የጊንጥ ጅራት አለው። ጀርባው ላይ በተቀረጸው ጽሑፍም የክፉ ነፋስ መናፍስት ንጉሥ መሆኑን ራሱ ይናገራል። አናቱ ላይ ግን ትንሽ ቀለበት አለች፤ ማንጠልጠያው ናት። ሰዎች ይህን አስፈሪ ፊት ቤታቸው ውስጥ ይሰቅሉት ነበር፤ እርጉዞችም በትንሹ የተሠራውን አንገታቸው ላይ ያስሩታል። ምክንያቱም ጨቅላ ትነጥቃለች ተብላ የምትፈራውን ላማሽቱን የሚያባርርላቸው እሱ ነው። ክፋቱን አልካዱትም፤ ክፋቱን ለልጃቸው ጠባቂ አደረጉት እንጂ። «ጋኔን» ብለን ስናልፈው ያቺ እናት ከነጭንቀቷ ከታሪኩ ትወጣለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ዳይሞንን በተመለከተ፣ ገጣሚው ሄሲዮድ የወርቃማው ዘመን ሰዎች ከሞቱ በኋላ የሰው ልጅ ጠባቂ ዳይሞን ሆኑ ይላል። ሶቅራጥስም ከልጅነቱ ጀምሮ «ተው» እያለ የሚከለክለው፣ «አድርግ» ብሎት ግን የማያውቅ፣ ከዳይሞን በወጣ ቃል የሚጠራ መለኮታዊ ድምፅ ነበረው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ለፍርድ ሲቀርብ ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ ከዚሁ ቃል ጋር የተያያዘ ነው። ይህን «ጋኔን ነበረበት» ብሎ የሚያነብ ወጣት ምን ይረዳል? የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎቻችን እንኳ ቃሉን በሌላ ቦታ «አጋንንት» ሲሉት፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የአቴና ፈላስፎች ስለ ጳውሎስ ሲናገሩ ግን «አማልክት» ብለውታል። ማን እንደሚናገር አይተው ነው የመረጡት።

ስለዚህ እባካችሁ እያንዳንዱን በስሙ ጥሩት፤ ምን እንደሚሠራና ማን እንደሚፈራው ወይም እንደሚለምነው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። በሚቀጥለው እትም ስለ ስፊንክስ እንደምትጽፉ አስታውቃችኋል። የጊዛው ስፊንክስ የንጉሥ ፊት ያለው፣ የተቀደሰ ስፍራ የሚጠብቅ አንበሳ ነው። የቴቤዋ የግሪክ ስፊንክስ ግን ሴት ናት፤ ክንፍ አላት፣ እንቆቅልሿን ያልፈታውን መንገደኛ ትበላዋለች። እነዚህን ሁለቱን እንዳትቀላቅሉብን አደራ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ተርጓሚ