የባትሪው ዕድሜ ሊያልቅ የተቃረበ ፔስሜከር በወቅቱ ባለመመርመሩ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልብ ሕክምና መሣሪያዎች አስመጪ ድርጅት
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አስቸኳይ የፔስሜከር ምርመራና ቅያሪ እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በላይኛውና በታችኛው የልቤ ክፍሎች መካከል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መስመር ሙሉ በሙሉ በመቋረጡ፣ በድርጅታችሁ በኩል ወደ አገር የገባ ባለ ሁለት ሽቦ ፔስሜከር (በኤሌክትሪክ ኃይል ልብን የሚያስመታ መሣሪያ) በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተተክሎልኝ እስካለፈው ክረምት ድረስ በጤና ስኖር ቆይቻለሁ። ነዋሪነቴ ደሴ ቢሆንም ለምርመራ የምመጣው አዲስ አበባ ነው፤ አንድ አምራች የሠራውን ፔስሜከር የሚያነበው የዚያው አምራች ፕሮግራመር የተባለው የማንበቢያ መሣሪያ ብቻ በመሆኑና እሱም በእናንተ እጅ ስለሚገኝ፣ ሐኪሜም ሆነ ሆስፒታሉ ያለ እናንተ ባለሙያ በመሣሪያው ውስጥ የተመዘገበውን ማየት አይችሉም። ቅሬታዬ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ባለፈው ዓመት በተደረገልኝ ምርመራ ባለሙያችሁ ባትሪው እየደከመ መሆኑን ገልጾ፣ ከእንግዲህ በየሦስት ወሩ መታየት እንዳለብኝ ነገረኝ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ባለሙያው ሁልጊዜም በትሕትናና በጥንቃቄ ያስተናግደኝ እንደነበር ሳልመሰክር አላልፍም። ይሁን እንጂ የባትሪውን ቮልቴጅ፣ የቀረውን ግምታዊ ዕድሜና የሽቦዎቹን ሁኔታ የሚያሳይ የታተመ ውጤት እንዲሰጠኝ ብጠይቅ "ሲስተም ውስጥ አለ" ተብዬ ያለ ምንም ወረቀት ተመለስኩ። በቀጠሮዬ ቀን ስመጣ ፕሮግራመሩ ወደ ሌላ ከተማ መወሰዱ ተነገረኝ፤ ቀጥሎ የተያዘልኝ ቀጠሮ ደግሞ ባለሙያው ሥራ ለቅቋል በሚል ተሰርዞ፣ እስከ ዛሬ ሌላ ቀን አልተቆረጠልኝም።

በዚህ መካከል ዳገት ስወጣ ቶሎ የሚደክመኝና ትንፋሽ የሚያጥረኝ ሆንኩ። ሐኪሜ ኤሌክትሮካርዲዮግራም (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ሲያነሡ የልቤ ምት ሳይለዋወጥ በደቂቃ 65 ላይ ቆሞ አገኙት፤ ማግኔት ደረቴ ላይ ሲያስቀምጡም ቀድሞ 85 ይል የነበረው ከ65 አላለፈም። እንዳስረዱኝ ከሆነ ይህ የእኔ ዓይነቱ መሣሪያ "የመለወጫ ጊዜዬ ደርሷል" የሚልበት ምልክት ሲሆን፣ የቀረውን ኃይል ለመቆጠብ ሲል ከእንቅስቃሴ ጋር ምቱን ከፍ ዝቅ ማድረጉን ትቶ የታችኛውን የልብ ክፍል ብቻ ይመታል። ከዚህ ምልክት በኋላ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ያህል እንዲሠራ ታስቦ ነው የሚመረተው። ሦስቱ ወር የሚቆጠረው ግን ምልክቱ ከታየበት ቀን እንጂ እኔ ከሰማሁበት ቀን አይደለም። ያንን ቀን መሣሪያው መዝግቦ ይዞታል፤ ማንበብ የምትችሉት ግን እናንተ ብቻ ናችሁ። ልቤ ያለ እርዳታ በበቂ ሁኔታ የማይመታ ሰው ነኝና፣ ከሦስቱ ወር ስንቱ እንዳለፈ ሳላውቅ ማደር ምን ማለት እንደሆነ እንድትረዱልኝ እለምናለሁ።

ጉዳዩን በስልክ ሳስታውቅ የተሰጠኝ መልስ "ባትሪው ሲገባ እንደውላለን" የሚል ነበር። የፔስሜከር ባትሪ ከታሸገው የብረት አካል ተለይቶ የሚቀየር ዕቃ እንዳልሆነ፣ የሚለወጠው ሙሉው መሣሪያ እንደሆነ የድርጅታችሁ ሠራተኞች ከእኔ ይልቅ ሊያውቁት ይገባ ነበር። በኋላ የተላከልኝ ፕሮፎርማ ደግሞ ከመሣሪያው ጋር የሁለት አዳዲስ ሽቦዎችን ዋጋ ደምሮ ይዟል። ነባሮቹ ሽቦዎች ተለክተው ደኅና ከሆኑ እዚያው ቆይተው ከአዲሱ መሣሪያ ጋር እንደሚገጠሙ ሐኪሜ ነግረውኛል፤ ሳይለኩ እንዲገዙ መጠየቅ በጡረታ ለሚተዳደር ሰው ከባድ ነው።

የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የጉምሩክ መዘግየት እንዳለባችሁ አይጠፋኝም። ነገር ግን የባትሪው መድከም ከዓመት በፊት በራሳችሁ ባለሙያ የታወቀ ስለሆነ ድንገተኛ ነው ሊባል አይችልም። መሣሪያው ጨርሶ ከተዳከመ በኋላ በድንገተኛ ክፍል በደም ሥር በኩል ጊዜያዊ ሽቦ ማስገባት ግድ ቢሆን፣ አስቀድሞ በታቀደ ቀዶ ሕክምና ከመቀየር ይልቅ ለኢንፌክሽን ያጋልጠኛል፤ ወጪውም በእኔው ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ ሳምንት ውስጥ ፕሮግራመር የያዘ ባለሙያ ሐኪሜ ባሉበት እንዲመረምረኝ፣ ምልክቱ የታየበት ቀንና የሽቦዎቹ ልኬት ያለበት ውጤት ታትሞ ለእኔም ለሐኪሜም እንዲሰጥ፣ ፕሮፎርማው በልኬቱ መሠረት እንዲስተካከል፣ ከሽቦዎቼ ጋር የሚገጥም መሣሪያ በመጋዘን መኖር አለመኖሩም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። በእጃችሁ ከሌለ ሐኪሜ ከሌላ አስመጪ ማፈላለግ እንዲችሉ የሽቦዎቹን ሞዴልና የመግጠሚያ ዓይነት ሳትዘገዩ አሳውቋቸው።

ከሠላምታ ጋር
አመልካች

ግልባጭ፦
ለሚከታተሉኝ የልብ ሐኪም
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን