ስለዚያ የባክቴሪያ ምርመራ

እህትዓለም፣

እንዴት ከርመሻል? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ፣ እንቅልፍ፣ እንደገና ሥራ። ተጠፋፍተን ቆይተን ድንገት መልእክትሽ ሲመጣ የተሰማኝን ደስታ አልነግርሽም። ረጅም መሆኑ ደግሞ ጥሩ። አንቺ ስትጽፊ ድሮም ምንም አታስቀሪም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሆድሽ ከታወከ ሰንብቷል። ቁርጠት፣ መነፋት፣ ጠዋት ጠዋት ሩጫ። ሐኪሙ "አይ ቢ ኤስ ነው፣ ሌላ ምንም አላገኘንብሽም" አለሽ። (አይ ቢ ኤስ ማለት ሆድ እያመመ መጸዳዳት የሚዛባበት የአንጀት በሽታ ነው።) አንቺም በገንሽ። አሁን የአንጀትሽን ባክቴሪያ አንድ በአንድ ለሚዘረዝር ድርጅት ሰገራሽን ልትልኪ ነው። ልላክ ወይስ ይቅርብኝ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይቅርብሽ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር ላድርግልሽ፤ እንዲሁ እሺ የምትይ ሰው እንዳልሆንሽ አውቃለሁ።

እንደምታውቂው ላቦራቶሪ ውስጥ የሰገራ ዕቃ መክፈት ሥራዬ ነው። ናሙናው ሲመጣ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ትንሽ ነካ አድርጌ፣ አጋር በሚባለው የረጋ የባክቴሪያ ምግብ ላይ እያመላለስኩ እቀባዋለሁ። ማሞቂያው ውስጥ በ37 ዲግሪ ያድራል። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ሳህኑ ሮዝ ነጠብጣብ ሞልቶት ይጠብቀኛል። አብዛኛው ኢ ኮላይ የሚባል የአንጀት ባክቴሪያ ነው። እኔ የምፈልገው ግን እሱን አይደለም። ከመሃሉ ቀለም አልባ የሆኑትን ነው የምለቅመው፤ በሽታ አምጪዎቹ ሳልሞኔላና ሺጌላ ካሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ከሌሉ "በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አላደገም" ብዬ እፈርማለሁ።

ጉዱ ምን መሰለሽ? ያ ሳህኑን የሞላው ኢ ኮላይ፣ በጤነኛ ሰው ትልቁ አንጀት ውስጥ ካለው ባክቴሪያ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ብዙሃኑ ኦክስጅን የማይስማማቸው ናቸው። እኔ ሳህን ላይ ዝር አይሉም። ስለዚህ የእኔ ወረቀት "ንጹሕ ነው" ሲልሽ ስለ አንጀትሽ ነዋሪዎች የሚነግርሽ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለም።

ድርጅቶቹ ይህን ችግር አልፈውታል። ባክቴሪያውን ማሳደግ ትተው ዲኤንኤውን ያነባሉ። ስለዚህ ዝርዝሩ ውሸት ነው አልልሽም። ዝርዝሩን ይዘሽ የት ትደርሻለሽ ነው ጥያቄው። አንድ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ እንደሚይዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ተሰልቷል። ከራሳችን ሴሎች ቁጥር ጋር ተቀራራቢ ነው። (አሥር እጥፍ ይበልጡናል የሚባለው ወሬ ያኔ ነው የወደቀው። አሁንም ሲደገም እሰማለሁ፤ ያናድደኛል።) ከዚያ ሁሉ ውስጥ "ጤነኛው ይህን ያህል ይኑረው" ተብሎ የተስማሙበት ልክ የለም። ሁለት ጤነኛ ሰዎች ዝርዝራቸው አራምባና ቆቦ ሊሆን ይችላል። አንዱን ናሙና ለሁለት ቦታ ብትልኪው ደግሞ የተለያየ ውጤት ሊመጣልሽ ይችላል።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ምግብ አንጀት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ራሱ ባክቴሪያውን ይለውጠዋል። ሰገራሽ ሲቀጥን በፍጥነት የሚራቡት ይበዛሉ፣ ቀስ የሚሉት ይታጠባሉ። ወንዝ ሲሞላ ውኃው ይደፈርሳል፤ ጎርፉን ያመጣው ግን ድፍርሱ አይደለም። ድርጅቱ "ሚዛኑ ተዛብቷል" ብሎ በቀይ ቀለም ቢጽፍልሽ ምናልባት የሚነግርሽ ተቅማጥ እንዳለብሽ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ባክቴሪያ ከነገሩ የለበትም ወይ? አለበት እንጂ። በካናዳ ዎከርተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ከከባድ ዝናብ በኋላ የከብት ፍግ የመጠጥ ውኃዋን በከለው። ከ2,000 በላይ ሰው ታመመ፣ ሰባት ሰው ሞተ። ተመራማሪዎች የተረፉትን ለዓመታት ተከታተሉ። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ፣ ሕመማቸው በሐኪም ከተመዘገበው ውስጥ ከመቶ 36ቱ አይ ቢ ኤስ ነበራቸው። ካልታመሙት ግን ከመቶ አሥር ያህሉ ብቻ። ስምንት ዓመት አልፎም ልዩነቱ አልጠፋም። በጥቅሉ ከባድ የአንጀት ኢንፌክሽን ከያዛቸው አሥር ሰዎች አንዱ ገደማ በኋላ አይ ቢ ኤስ ይይዘዋል። ጀርሙ ይሄዳል፣ ሆዱ ግን ወደ ድሮው አይመለስም። አንቺም "ከዚያ የምግብ መመረዝ ወዲህ ነው የጀመረኝ" ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። ለሐኪሙ ነግረሽዋል? ንገሪው።

ለምን አይመለስም ለሚለው ብዙ መላ ምት አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቤልጂየም ሌቨን ውስጥ አይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ደስ ይለኛል። አይጦቹ በኢንፌክሽን ጊዜ የበሉት ምግብ፣ ኢንፌክሽኑ ካለፈ በኋላም አንጀታቸውን ያስቆጣ ነበር። የሰውነት መከላከያ ምግቡን ከጠላት ቆጥሮ መዝግቦታል ማለት ነው። የአሜሪካው ተመራማሪ ማርክ ፒሜንቴል ደግሞ ከባክቴሪያ መርዝ ጋር የተያያዙ ፀረ እንግዳ አካላትን በደም ውስጥ የሚፈልግ ምርመራ አምጥቷል። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ክብደት አለው። ኔጌቲቭ ከሆነ ግን አይ ቢ ኤስ የለብሽም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ያመልጠዋል።

የትንፋሽ ምርመራውንም ጠቅሰሻል። ስኳር ያጠጡሽና ባክቴሪያዎቹ የሚያወጡትን ሃይድሮጅንና ሚቴን ከትንፋሽሽ ይለካሉ። ትንሹ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ ያለ ቦታው በዝቶ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ የሚያጠጡሽ ላክቱሎስ ከሆነና አንጀትሽ ፈጣን ከሆነ፣ ስኳሩ ቶሎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ባክቴሪያ መኖሩ ጤና ነው፤ መሣሪያው ግን "ተገኘ" ይልሻል። ሚቴኑ ትንሽ ይሻላል፤ ከድርቀት ጋር ይገናኛልና። የሚገርመው ሚቴን የሚሠሩት ባክቴሪያ እንኳ አይደሉም። አርኪያ የሚባሉ ሌላ ዘር ናቸው።

አሁን ወደ ሐኪምሽ ልመለስ። "ምንም አልተገኘም" የሚለው አነጋገር አይ ቢ ኤስን ባዶ ያስመስለዋል። ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሮም መስፈርት የሚባል አለ። ባለፉት ሦስት ወራት በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሆድሽን ያምሻል? ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር ይገናኛል? ሰገራሽ ምልልሱ ወይም መልኩ ተለውጧል? ከሦስቱ የመጨረሻ ነጥቦች፣ ማለትም መጸዳዳት፣ ምልልስና መልክ፣ ሁለቱ ከሕመሙ ጋር ከተገናኙና ነገሩ ከጀመረ ስድስት ወር ካለፈ በሽታው ይኸው ነው። መነፋት ብቻውን አይበቃም፤ ሕመም የግድ ነው። የሌላ በሽታ ፍርፋሪ ሆኖ የተረፈ ስም አይደለም፤ በራሱ ምልክት የሚታወቅ በሽታ ነው። ሐኪምሽ ይህን አምስት ደቂቃ ወስዶ ቢያስረዳሽ ኖሮ ይህን ያህል ባልተብሰከሰክሽ ነበር።

ከሱ ጎን ጥቂት ምርመራ ይበቃል። የደም ማነስ መኖሩ ይታያል። ሴሊያክ ለሚባለው የስንዴ ሕመም የደም ምርመራ ይደረጋል። አደራ፣ እሱ ሳይሠራ ስንዴ እንዳታቆሚ! ካቆምሽ ሴሊያክ ቢኖርብሽም ደምሽ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ተቅማጥ ለሚያጠቃው ደግሞ ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ አለ። መልእክትሽ ውስጥ ግን ስሙን አላየሁትም።

እሱን እኔው ነኝ የምሠራው። ካልፕሮቴክቲን ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። አንጀት ከቆሰለ ወይም ከተቆጣ ሴሎቹ ወደዚያ ይጎርፋሉ፣ ፕሮቲኑም ከሰገራ ጋር ይወጣል። በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮግራም በታች ከሆነ አንጀትን የሚያቆስሉት ክሮንስ ወይም አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚባሉ በሽታዎች የመሆኑ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። ለራስ ምታት ኢቡፕሮፌን የምትውጪ ከሆነ ግን ለብቻው ቁጥሩን ሊያንረው ይችላልና ቀድመሽ ተናገሪ። ሰገራ መላክሽ ካልቀረ ለዚህ ላኪው።

ደም ካየሽ፣ ሳትፈልጊ ከከሳሽ፣ ሌሊት ተቅማጥ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰሽ ወይም በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ ወሬው ሁሉ ይቀየራል። ያኔ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት ነው፣ ቀጠሮ አታሳልፊ።

ስለ መድኃኒቱ ደግሞ ልቆጣሽ። ሐኪሙ ለድብርትም የሚሰጠውን አሚትሪፕቲሊን ስላዘዘልሽ "የአእምሮ በሽተኛ አደረገኝ" ብለሽ መድኃኒቱን ሳትገዢ ቀረሽ። እንዴት ያለ ነገር ነው! በአይ ቢ ኤስ የአንጀት ነርቮች ስሜታቸው ይበረታል። አንጀት ውስጥ ትንሽ ፊኛ እየነፉ ሲሞክሩ፣ ሌላው ሰው ልብ በማይለው መጠን ብዙዎቹ የአይ ቢ ኤስ ሕመምተኞች ያማቸዋል። ያንቺ ጋዝ ከእኔ ላይበልጥ ይችላል፤ አንቺን ግን ያምሻል። አሚትሪፕቲሊን በትንሹ፣ ከ10 ሚሊግራም ተጀምሮ፣ ይህን ስሜት ለማብረድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እንግሊዝ ውስጥ 463 ሰዎች ላይ ተሞክሮ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን በግልጽ ተሽሏል። ለድብርት የሚሰጠው መጠን ከዚህ በብዙ ይበልጣል። አንጀትንም ትንሽ ያዘገያል፤ ላንቺ ይህም ጥቅም ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ ሊልሽና አፍሽን ሊያደርቀው ይችላል፤ ማታ ዋጪው።

ባክቴሪያ ላይ ያነጣጠረውስ ካልሽ፣ ሪፋክሲሚን አለ። ወደ ደም የማይገባ፣ አንጀት ውስጥ የሚቀር አንቲባዮቲክ ነው ማለት ይቻላል። በትልልቆቹ ሙከራዎች መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 41ዱ ተሽሏቸዋል፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 32ቱ። ልዩነቱን አንቺው ቀንሺ። አይናቅም፣ ግን ተአምር አይደለም። የጤነኛ ሰው ሰገራ ወደ አንጀት ማስገባቱም ተሞክሯል። ኖርዌይ ውስጥ ከአንድ የተመረጠ ሰው ተወስዶ ለብዙዎች ሲሰጥ ውጤቱ የሚያስደንቅ ነበር። ዴንማርክ ውስጥ በካፕሱል ሲሰጥ ግን ባዶውን የዋጡት ይበልጥ ተሻላቸው። ገና ነው።

ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘውን ፕሮባዮቲክ በተመለከተ አልከለክልሽም፣ አልገፋፋሽምም። የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ አይመክረውም። የእንግሊዞቹ፣ ከፈለግሽ እስከ 12 ሳምንት ሞክሪና ለውጥ ከሌለ ተዪው ይላሉ። እኔ ከእንግሊዞቹ ጋር ነኝ። ግን አንዱን ምረጪና እሱን ብቻ ሞክሪ፤ ሦስት ዓይነት ባንድ ጊዜ ከዋጥሽ የትኛው እንደጠቀመሽ አታውቂም።

የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያወጡት ሎው ፎድማፕ የሚባለው አመጋገብ ብዙ ሰው ይረዳል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ወተት፤ ባክቴሪያ የሚያቦካው ሁሉ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቀነሳል። ከዚያ አንድ በአንድ ይመለሳል። ብዙዎች የሚረሱት መመለሱን ነው። እዚያው ከቀረሽ ጠቃሚዎቹ ቢፊዶባክቴሪያዎችም ይራባሉ። ሊቆጣጠርሽ የሚችል የምግብ ባለሙያ ካገኘሽ ያን ጊዜ ጀምሪ። ከሴሊያኩ ምርመራ በኋላ ነው ታዲያ።

እንግዲህ የሴሊያኩንና የካልፕሮቴክቲኑን ምርመራ ጠይቂ፣ የምግብ መመረዙን ንገሪው፣ አሚትሪፕቲሊኑን ለመጀመር እንደገና አማክሪው። የካልፕሮቴክቲኑ ወረቀት ሲመጣ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ቁጥሩንም መለኪያውንም እንዲያሳይ አድርገሽ። ሰሞኑን የሌሊት ተረኛ ነኝና ጠዋት አትደውይልኝ፣ ተኝቼ ነው። ከቀትር በኋላ በፈለግሽው ሰዓት።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ያንቺው